ሚዛኑን ከመግቢያው ለምን አነሳነው?

ውድ ደንበኞቻችን፣

ባለፈው ሳምንት ብዙዎቻችሁ በጂማችን መግቢያ የነበረው ሚዛን የት እንደደረሰ ጠይቃችሁናል። አልተበላሸም፤ እኛው ነን ያነሳነው። «በ3 ወር ሰውነትዎን ይቀይሩ» የሚለውን ማስታወቂያም አብረን ከግድግዳው አውርደናል። ምክንያቱን ልናስረዳችሁ ይገባል።

ከእንቁጣጣሽ በኋላ ቤቱ ይሞላል፤ ገና ሲደርስ ግን ብዙ ፊቶች አይታዩም። የቀሩት ሰነፎች ሆነው አይደለም። በሳምንት 3 ቀን ሳያጓድሉ የመጡ፣ ላባቸውን ያፈሰሱ ሰዎች ናቸው። የጠበቁትን ስላላዩ ቀሩ፤ ያንን እንዲጠብቁ ያደረግናቸው ደግሞ እኛ ነን።

ክብደት ማንሳት ገና የጀመረ ጤናማ ወጣት ወንድ በአግባቡ እየሠራ፣ እየበላና እየተኛ በመጀመሪያው ዓመት በወር ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ ጡንቻ ከጨመረ በጣም ጥሩ ሄዷል። ለሴቶች በኪሎ ሲሰላ የዚህ ግማሽ ያህል ነው። በሁለተኛው ዓመት ፍጥነቱ በግማሽ ገደማ ይቀንሳል፤ ከዚያ በኋላ ዓመቱን ሙሉ ለፍቶ አንድ ሁለት ኪሎ ማግኘት ትልቅ ውጤት ነው። ከዚህ እጅግ የፈጠነ ለውጥ በፎቶ ስታዩ፣ ከጀርባው የመብራት አቀማመጥ ወይም ልብን የሚጎዳ የሆርሞን መርፌ ሊኖር እንደሚችል አስቡ።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጉልበት ቶሎ ይጨምራል። 20 ኪሎ ያስጨነቀው ሰው በወሩ 30 ሊያነሳ ይችላል። ይህ በአብዛኛው ጡንቻው አድጎ ሳይሆን፣ አንጎልና ነርቭ ያለውን ጡንቻ አቀናጅተው ማዘዝ ስለተማሩ ነው። በመስታወት የሚታይ ለውጥ ብዙውን ጊዜ 2 እና 3 ወር ይፈልጋል። ሰው ተስፋ ቆርጦ የሚቀረው ልክ በዚህ መሐል ነው፤ ይህም ከልብ ያሳዝነናል።

የሰው ክብደት በጠጣው ውሃ፣ በበላው ጨውና እንጀራ ብቻ በአንድ ቀን ውስጥ አንድ ሁለት ኪሎ ሊወጣና ሊወርድ ይችላል። በወር ግማሽ ኪሎ የሚጨምር ጡንቻ በየማለዳው ሚዛን ላይ ቢፈለግ ከየት ይገኛል? ስለዚህ ከዚህ ወር ጀምሮ አሰልጣኞቻችን በወር አንድ ቀን፣ ጠዋት ቁርስ ሳይበላ፣ ክንዳችሁን፣ ደረታችሁን፣ ወገባችሁንና ጭናችሁን በሜትር ይለካሉ። ክብደትም በዚያው ቀን ይመዘናል። በየዕለቱ ያነሳችሁትን ኪሎና ድግግሞሹን የምትጽፉበት ደብተር በነጻ እንሰጣለን።

ስለ ጾምም አንድ ነገር እንበል። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሥጋና እንቁላል ስለማትበሉ ልፋታችሁ ከንቱ የሚሆን እየመሰላችሁ ስልጠናውን የምታቆሙ አላችሁ። እባካችሁ አታቁሙ። ያለውን ጡንቻ ይዞ ለመቆየት፣ አዲስ ለመገንባት ከሚያስፈልገው በጣም ያነሰ ሥራ ይበቃል። ለመገንባት በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደታችሁ 1.6 ግራም ገደማ ፕሮቲን ጥሩ መለኪያ ነው፤ ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላና ለውዝ ሲበረክቱ ወደዚያ ያቀርባሉ። በረመዳን የምትጾሙም ብትሆኑ ከኢፍጣር በኋላ ቀለል ያለ ስልጠና መሥራት ትችላላችሁ።

የ3 ወሩን ጥቅል የከፈላችሁ ደንበኞች በዚያው ሂሳብ ወደ መደበኛው አባልነት መዛወር ትችላላችሁ። ቀሪው ገንዘብ እንዲመለስላችሁ የምትፈልጉ ደግሞ ደረሰኛችሁን ይዛችሁ ወደ እንግዳ መቀበያው ኑ።

ከአክብሮት ጋር፣
የጂሙ ባለቤቶችና አሰልጣኞች