የቆየ የጌም ግራፊክስ ካርድ ስለ መቀየር ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፤

ጉዳዩ፦ ግራፊክስ ካርድ ለመቀየር ከመወሰናችሁ በፊት መታየት ስላለባቸው ነገሮች

ከቅርብ ወራት ወዲህ በአካልም በስልክም ደጋግማችሁ የምታነሡልን ጥያቄ፣ ከዓመታት በፊት የገዛችሁት ግራፊክስ ካርድ (የኮምፒውተሩን ምስል የሚሠራው ክፍል) አሁን የሚወጡት ጌሞች እየከበዱት ስለ መጡ ትቀይሩት ወይስ ትቆዩ የሚል ነው። ለእያንዳንዳችሁ በቃል የምንነግረውን በጽሑፍ ብናደርሳችሁ ቤታችሁ ሆናችሁ በእርጋታ ልታመዛዝኑት ትችላላችሁ ብለን ይህን አዘጋጅተናል። ካርድ የሚገባው በዶላር ነው፤ በጁላይ 2024 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ በግምት መግዛት የሚያስከትለው ኪሳራ ከብዷል። በደብዳቤው ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ማሽኑ (ኮምፒውተሩ) በምን ምክንያት እንደ ተንቀራፈፈ ሳይታወቅ ካርድ መሸጥ ተገቢ ነው ብለን አናምንም። ባለፈው ክረምት አንድ ደንበኛችን ሰባት ዓመት ያገለገለ ጂቲኤክስ 1060 የተባለ ካርድ የተገጠመበትን ማሽን አምጥተው አዲስ ካርድ እንድንሸጥላቸው ጠየቁን። ጌሙ ሲጀመር ደኅና ይሄዳል፤ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ግን መቆራረጥ ይጀምራል። ካርዱን ነቅለን ሽፋኑን ስንፈታው፣ በማቀዝቀዣው ስስ ብረቶች መካከል የተጠቀጠቀው አቧራ እንደ ጥጥ ተያይዞ ወጣ፤ ከቺፑ ላይ የሚቀባው ቴርማል ፔስትም (ሙቀት አስተላላፊው ቅባት) ደርቆ በጥፍር ሲነካ እንደ ኖራ ይፈረፈር ነበር። ይህ ካርድ ሙቀቱ 83 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ራሱን ለመጠበቅ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ የእርሳቸውም ከዚያ ወሰን ላይ አልወርድ ብሎ ነበር። ጠርገን ፔስቱን ስንቀይርለት 70 ዲግሪ ላይ ረጋ፤ ደንበኛችንም ምንም ሳይገዙ ተመለሱ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች በመሆኗ አየሩ ስስ ነው፤ ስስ አየር ደግሞ ሙቀትን ተሸክሞ የማውጣት ዐቅሙ አነስተኛ ስለሆነ፣ አቧራ የሚያደርሰው ጉዳት በቆላ ካለ ማሽን ይልቅ እዚህ ቶሎ ይታያል።

ከጽዳቱ ቀጥሎ የሞኒተሩ ገመድ የት እንደ ተሰካ ተመልከቱ። ማዘርቦርዱ ላይ ከተሰካ ጌሙን የሚያሳያችሁ በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ደካማ ግራፊክስ ሊሆን ስለሚችል፣ ገመዱን ወደ ካርዱ በማዛወር ብቻ ችግራቸው የተፈታ ደንበኞች አሉን። ከዚያ ጌሙን ከፍታችሁ ሬዞሉሽኑን (የምስሉን ጥራት) ከ1080 ወደ 720 ዝቅ አድርጉት። ፍሬሙ (በሰከንድ የሚታየው የምስል ብዛት) በግልጽ ከጨመረ ሥራው የከበደው ካርዱን ነው፤ ባለበት ከቀረ ግን ማነቆው ፕሮሰሰሩ ወይም ራሙ ነውና፣ አዲስ ካርድ ብትገዙም የምታገኙት ያንኑ ፍሬም ነው። አንድ ባለ 8 ጊጋ ራም ብቻ የተሰካበት ማሽን ከሆነ፣ ተመሳሳይ ሁለተኛ ራም መጨመር ከካርዱ ዋጋ በጥቂቱ የሚሠራ ሲሆን ለውጡም ይታያል።

መቀየር ግድ የሚሆንበትም ጊዜ አለ። የካርዱ ሜሞሪ ሲሞላ የተረፈው ከኮምፒውተሩ ራም እየተመላለሰ ስለሚነበብ ምስሉ ይቆማል፣ ይሄዳል፤ ባለ 3 ጊጋ ጂቲኤክስ 1060 ያላችሁ ደንበኞች ይህን በሚገባ ታውቁታላችሁ። በሜይ 2025 እንደ ወጣው ዱም፦ ዘ ዳርክ ኤጅስ ያሉ ጌሞች ደግሞ ሬይ ትሬሲንግ (ብርሃንን እንደ እውነተኛው አስልቶ ማሳየት) የሚሠራ ካርድ ይጠይቃሉ፤ በዚህ ላይ ሴቲንግ ዝቅ ማድረግ አይረዳም። የካርዶቹ አምራች ኤንቪዲያም ለጂቲኤክስ 900 እና 1000 ካርዶች ለአዳዲስ ጌሞች የሚያወጣውን ድራይቨር (ካርዱን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያግባባ ሶፍትዌር) በኦክቶበር 2025 እንደሚያበቃ፣ የደኅንነት ማስተካከያ ብቻ እስከ ኦክቶበር 2028 እንደሚቀጥል አስታውቋል። የምትጫወቱት ካውንተር ስትራይክ 2ን ወይም ዶታ 2ን ከሆነ ግን ባለ 6 ጊጋው 1060 በ1080 ሬዞሉሽን አሁንም ይበቃችኋል፤ በዚህ ምክንያት ገንዘብ እንድታወጡ አንመክርም።

ለመግዛት ከወሰናችሁ መጀመሪያ የምንጠይቃችሁ ስለ ፓወር ሰፕላያችሁ (ለማሽኑ ኤሌክትሪክ ስለሚያድለው ሣጥን) ነው። በዚህ ረገድ ያጠፋነው ጥፋት አለ። ከሦስት ዓመት በፊት፣ ከቢሮ የወጣ ያገለገለ ማሽን ለነበራቸው ደንበኛ 170 ዋት የሚወስደውን አርቲኤክስ 3060 ሸጥንላቸው፤ የማሽኑ ፓወር ሰፕላይ በጠቅላላው 240 ዋት ብቻ መሆኑን፣ ለካርድ የሚሆን ገመድም እንደሌለው ያየነው ማሽኑ ከተከፈተ በኋላ ነበር። የፓወር ሰፕላዩ መሰኪያ ለዚያ ማሽን ብቻ የተሠራ ስለነበር በሌላ መተካትም አልቻልንም። ገንዘባቸውን መልሰን ይቅርታ ጠየቅን፤ ከዚያን ቀን ወዲህ ፓወር ሰፕላዩን ሳናይ ካርድ አንሸጥም። ለእንዲህ ዓይነቱ ማሽን የሚስማማው ተጨማሪ ገመድ የማይፈልገው 75 ዋቱ ጂቲኤክስ 1650 ነው። ነገር ግን ቁጥሩ ከፍ ስላለ ብቻ ከባለ 6 ጊጋው 1060 ወደ እርሱ እንዳትሸጋገሩ አደራ እንላለን፤ በ2019 ቢወጣም በጉልበት ከ1060 ያንሳል።

ከ1060 ወይም ከኤኤምዲ ኩባንያው አርኤክስ 580 ተነሥቶ ልዩነቱ በዓይን እንዲታይ ለሚፈልግ ደንበኛ በብዛት የምናቀርበው ባለ 8 ጊጋውን አርኤክስ 6600 ነው፤ 132 ዋት ስለሚወስድ፣ 185 ዋት ለሚፈጀው 580 የበቃ ፓወር ሰፕላይ ለእርሱም ይበቃል። የኢንቴሉ አርክ ቢ580 ባለ 12 ጊጋ በመሆኑ ያጓጓል፤ ሆኖም ፕሮሰሰሩ የካርዱን ሜሞሪ በሙሉ በአንዴ እንዲያገኝ የሚያደርገው ሪሳይዘብል ባር የሚባለው አሠራር በማዘርቦርዱ ላይ ካልበራ ጉልበቱ ክፉኛ ስለሚወርድ፣ ማሽናችሁ የቆየ ከሆነ ሳናረጋግጥ አንሰጣችሁም።

ያገለገለ ካርድ ከሌላ ቦታ የምትገዙ ከሆነ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ጂፒዩ-ዚ በሚባለው ነፃ ሶፍትዌር አስፈትሹት። ስሙ 1060 ተብሎ የተቀየረለት እጅግ የቆየ ካርድ በገበያ ይዞራል፤ አርኤክስ 580 ተብሎ የሚሸጠውም በ2,304 ኮር (የስሌት ክፍል) ፈንታ 2,048 ብቻ ያለው ሊሆን ይችላል። ካርዱን ወደ እኛ ብታመጡት ምርመራውን ያለ ክፍያ እንሠራላችኋለን።

ስትመጡ ማሽኑን ማምጣት ካልተመቻችሁ ፓወር ሰፕላዩ ጎን ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍና የማዘርቦርዱን ስም በስልካችሁ ፎቶ አንሥታችሁ፣ የምትጫወቷቸውን ጌሞች ስም ይዛችሁ ኑ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣

የሽያጭና የጥገና ክፍል