ማሊያሽ ላይ ስላለው ስም

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

እሁድ ስልኩን ከዘጋን ወዲህ ያልሽኝ ነገር ከጆሮዬ አልጠፋም። «እማዬ፣ እዚህ አሜሪካ በስሜ የሚጠራኝ የለም። ማሊያዬ ላይ እንኳ ያለው የአባዬ ስም ነው። በራሴ ስም ባስቀይረው አባዬን መካድ ይሆንብኛል?» አልሽ። ያን ሰዓት መልስ አልመጣልኝም።

ባለፈው ጎል ስታገቢ በድምፅ ማጉያው የተጠራው አባትሽ ነበር። ካረፈ ስድስት ዓመቱ ነው። ያ ሁሉ ሰው ስሙን ሲጮህ ስሰማ ጉልበቴ ከዳኝና ቁጭ አልኩ። እንባዬ ከደስታ ይሁን ከናፍቆት አልለየሁትም። ስለዚህ ጥያቄሽ ለእኔም ከባድ ነው።

ግን እኛ ጋ ሰው የሚጠራው በራሱ ስም ነው። የአባት ስም የሚከተለው የማን ልጅ እንደሆነ እንዲታወቅ ነው። ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ ሮም ላይ ማራቶኑን በባዶ እግሩ ሮጦ ያሸነፈው አበበ ነው። ፈረንጆቹ ግን እስከ ዛሬ «ቢቂላ» ይሉታል። ቢቂላ እኮ አባቱ ናቸው! የሚገርመው፣ በማግስቱ፣ መስከረም 1 ቀን 1953፣ ሥራ ላይ የዋለው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሰው ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ የቤተሰብ ስም አለው ይላል። ሕጉ ወጣ፤ ሰዉ ግን በልማዱ ቀጠለ። እኔም ሳገባ የአባቴን ስም ይዤ ነው አባትሽ ቤት የገባሁት። አንድም ቀን ቅር ብሎት አያውቅም።

እና ልጄ፣ አስቀይሪው። የእሱን ስም ያወጡለት አያትሽ ናቸው። ያንቺን ያወጣው ግን ራሱ ነው። እኔ አራስ ቤት ተኝቼ እሱ ሦስት ቀን ሙሉ አንዱን ስም ሲያነሳ ሌላውን ሲጥል ከረመ። በሦስተኛው ቀን ጆሮሽ ላይ ጎንበስ ብሎ ቀስ ብሎ ጠራሽ። ለእኔ የነገረኝ ከዚያ በኋላ ነው። ያንን ስም ጀርባሽ ላይ ብታደርጊው እሱን መካድ የሚሆነው በየት በኩል ነው?

ደግሞ እኔ አንቺን ለመለየት የማሊያ ጽሑፍ አያስፈልገኝም። ቅጣት ምት ልትመቺ ስትይ የግራ ጫማሽን ክር ፈተሽ እንደገና ታስሪያለሽ። የአምስት ዓመት ልጅ ሆነሽ፣ ትምህርት ቤት ረፍዶብን በር ላይ ቆሜ «ኧረ ቶሎ በይ!» ስልሽም እንዲሁ ነበርሽ። ቀኙን ትተይዋለሽ፤ ግራውን ፈተሽ ትደግሚዋለሽ። ዛሬ ቁመትሽ በልጦኛል። ፀጉርሽን ተቆርጠሻል። ከጓደኞችሽ ጋር የምታወሪው ግማሹ አይገባኝም። ጎንበስ ብለሽ ያንን ክር ስትፈቺ ግን፣ ከሜዳው ማዶ ሆኜም ቢሆን፣ ያቺው ልጄ ነሽ።

ቅዳሜ እመጣለሁ። አሮጌውን ማሊያ እንዳትጥዪው፣ ለእኔ አስቀምጪልኝ።

እናትሽ