«ይሄማ ጌሾ አይደለም!»፦ የሽርሽር ክበባችን የዓመት ዘገባ

ክበባችን ሲቋቋም ሕጉ አጭር ነበር። በወር አንድ ቅዳሜ የልጆቹን የአማርኛ ትምህርት ክፍል ዘግተን ከለንደን እንወጣለን፣ ውለን እስክንመለስ ድረስ ደግሞ ወሬው በአማርኛ ነው። ሁለተኛው ነገር ሙሉ በሙሉ ተከበረ ብዬ አልዋሽም። መጀመሪያ አካባቢ «ልጄን ፊደል አስቆጥሩልኝ አልኩ እንጂ አዙሩልኝ መች አልኩ» ያሉ ወላጅም ነበሩ። ኋላ ላይ ግን ከሁላችንም ቀድመው ጣቢያ የሚደርሱት እሳቸው ሆኑ።

የመረጥነው ከለንደን ደቡብ ምሥራቅ ያለውን የኬንት አውራጃ ነው። ቅርብ ነው፣ ባቡሩም ቀጥታ ይወስዳል። ደግሞ ወቅት በተቀየረ ቁጥር እዚያ የሚታይ ነገር አይጠፋም። «የእንግሊዝ ጓሮ» ይሉታል፤ አትክልትና ፍራፍሬው የታወቀ ስለሆነ።

የጀመርነው ሴፕቴምበር መግቢያ ላይ ፋቨርሻም ነው። እኛ ስለ እንቁጣጣሽ ስናስብ እነሱ የሆፕስ በዓላቸው ላይ ናቸው። ሆፕስ ቢራውን መረር የሚያደርገው ተክል ነው። ከተማዋ ደግሞ ከ1698 ጀምሮ እጠምቃለሁ የሚለው የሼፐርድ ኒም ቢራ መገኛ ናት። በዓሉ ሲደርስ ሱቁም ሰዉም ሆፕስ ይለብሳል፣ ራሳቸው ላይ እንደ አክሊል ጠምጥመውት የሚሄዱም አሉ።

ልጆቹን ሰበሰብኩና ኮራ ብዬ «ይሄ የእነሱ ጌሾ ነው» አልኳቸው። ከኋላዬ የአንዷ ተማሪያችን እናት «ኧረ መምህር፣ ይሄማ ጌሾ አይደለም!» አሉ። አንድ ዘለላ ተቀብለው በመዳፋቸው አሹት። ጣታቸው ላይ ቢጫ ዱቄት ቀረ። አሸተቱት፣ ፊታቸውን ቋጠር አደረጉ። «ጌሾ እኮ ቅጠሉና እንጨቱ ነው። ይሄ ሐረግ ነው፣ የሚፈልጉትም አበባውን ነው። ሥራቸው ይመሳሰል ይሆናል እንጂ ዘመድ አይደሉም።» ከዚያ እዚያው መንገድ ላይ ቆመው የጠላ አጠማመቅ ያስረዱ ጀመር፤ ጥንስሱን፣ ብቅሉን፣ አሻሮውን፣ ድፍድፉን። ልጆቹ «ድፍድፍ» የምትለዋን ቃል ሲሰሙ በሳቅ ፈረሱ፤ ቀኑን ሙሉ እርስ በርሳቸው ድፍድፍ ሲባባሉ ዋሉ። በክበቡ የቃላት ደብተር ላይ ሆፕስ «የእንግሊዝ ጌሾ» ተብሎ ተጽፏል፤ እናትየው አሁንም አልተስማሙም።

በባቡሩ መስኮት ያየናቸው፣ አናታቸው ላይ ነጭ ቆብ የደፉት ክብ የሸክላ ቤቶች ኦስት ሃውስ ይባላሉ። ሆፕስ ማድረቂያ ነበሩ። ቆቡ ከነፋሱ ጋር ይዞራል፣ እርጥቡ አየር እንዲወጣ። አሁን ብዙዎቹ መኖሪያ ሆነዋል፤ ዋጋቸውን ባትጠይቁ ይሻላል። እኔን የገረመኝ ግን የለቃሚዎቹ ታሪክ ነው። ማሽን ሥራውን እስኪወስድ ድረስ፣ ማለትም እስከ 1950ዎቹና 60ዎቹ፣ የምሥራቅ ለንደን ድሃ ቤተሰብ በየሴፕቴምበሩ ልጁንም ድስቱንም ጠቅልሎ ኬንት ይወርድ ነበር፤ ጎጆ ውስጥ ገለባ ላይ እየተኛ ለሳምንታት ሆፕስ ይለቅማል፣ ትንሽ ገንዘብ ይይዛል፣ ለብዙዎቹ በዓመት አንዴ ከከተማው ጭስ የሚወጡበትም ይሄው ነበር። ልጆቹም ከትምህርት ይቀሩ ነበር። ይህን ስናገር አንድ የአራተኛ ክፍል ልጅ «እና እኛ ቅዳሜ ክፍል ስንዘጋ ባህል ነው ማለት ነዋ!» አለኝ። ምን ልበለው?

ኦክቶበር ላይ እዚያው ፋቨርሻም አጠገብ ብሮግዴል ሄድን፤ ከ2,000 በላይ የፖም ዓይነት የተሰበሰበበት ቦታ። ልጆቹ እየቀመሱ ስም ሲያወጡ ዋሉ፤ «ኮምጣጤ»፣ «ስኳሬ»፣ «የአያቴ ጉንጭ»። እንግሊዞች በየዓመቱ ኖቬምበር ላይ ስለሚተኩሱት ርችት ብዙ አልልም። ዘነበ።

በሜይ መጀመሪያ፣ ሰኞው ባንክ ሆሊዴይ፣ ማለትም ሥራ የሚዘጋበት የሕዝብ በዓል በሆነበት ሰሞን፣ ሮቸስተር ወረድን። የጭስ ማውጫ ጠራጊዎች በዓል ነው። ጠራጊዎቹ ድሮ ሜይ 1 ቀን ያርፉ ነበር፤ በዓሉ ጠፍቶ ቆይቶ በ1980ዎቹ መጀመሪያ እንደገና ተነሣ። ከእግር እስከ ራሱ በቅጠል የተሸፈነ ሰው በመንገዱ መሀል ይሄዳል፣ እግራቸው ላይ ቃጭል ያሰሩ ጨፋሪዎች ዱላ እያጋጩ ይዘላሉ። አንዷ ልጅ «ትከሻቸው ለምን አይንቀሳቀስም?» አለችኝ። በጥላሸት ፊታቸውን ያጠቆሩትን ልጆች ስናይ ደግሞ ድሮ ትንንሽ ልጆች በእውነት ጭስ ማውጫ ውስጥ ይላኩ እንደነበር፣ ይህም የቆመው በ1875 በወጣ ሕግ እንደሆነ ነገርኳቸው። ጠበብ ያለ ጭስ ማውጫ ባዩ ቁጥር በትከሻቸው ይለኩ ጀመር።

ጁላይ ላይ የባሕር ጠረፍ ከተማዋ ዊትስተብል፤ እዚህ ላይ ጥፋቱ የኔ ነው። ባሕሩ ሲሸሽ ዘ ስትሪት የሚሉት የጠጠር መንገድ ከውሃው ሥር ብቅ ይላል፣ ወደ ባሕሩ ውስጥ ይኬድበታል። ለልጆቹ ለሳምንታት ስለዚህ ሳወራ ከረምኩ። ውሃው የሚሞላበትንና የሚሸሽበትን ሰዓት ግን አላየሁም። ስንደርስ ሙሉ ነው! መንገድ የለም። ወላጆች ምሳ ዕቃቸውን ከፈቱ፣ እንጀራ ፍርፍሩ ላይ ነፋሱ አሸዋ ጨመረበት። ባሕር ዳር ያደጉ አንድ አባት ውሃውን ትክ ብለው አይተው «ጣና እንዲህ አይቀልድም» አሉ። እኒሁ አባት ኦይስተር፣ ማለትም ዛጎል ውስጥ ያለ የባሕር እንስሳ፣ የሚሸጥበት ጋ ሄደው «በሕይወቱ ነው የሚበላው» ሲባሉ አማትበው ተመለሱ።

አመሻሽ ላይ ልንነሣ ስንል ውሃው መሸሽ ጀመረ። ጠጠሩ ታየ። ባቡራችን ሊሄድ ጥቂት ነው የቀረው፤ ቢሆንም ጫማ ወለቀ። ሃያ ደቂቃ ያህል ሄድንበት፣ ግራም ቀኝም ባሕር። ደብተሩ ላይ ለዚህ ነገር ቃል ፈልገን አልተስማማንም። ትንሿ ልጃችን «ባሕሩ ወጣ ብሎ ነበር» ብላ ጻፈች፣ እሱን ተውነው።

በሴፕቴምበር ፋቨርሻም እንመለሳለን። እናትየው ጌሾ ይዘው ሊመጡ ቃል ገብተዋል፤ ከሆፕሱ ጎን አስቀምጠው ሊያሳዩን። ዊትስተብልንም እንደግመዋለን፤ የውሃውን ሰዓት ጽፌ ማቀዝቀዣዬ ላይ ለጥፌዋለሁ።