ለክፉ ቀን

ባሕር ዳር፣ ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ልጆችስ ደህና ናቸው? የባለቤትህ ጉልበት ተሻላት? እኔ ፈጣሪ ይመስገን አለሁ። ስኳሩም ደም ግፊቱም በየተራ እየመጡ ይጠይቁኛል እንጂ አልጋ ላይ አልጣሉኝም። ስምንት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ በደብዳቤ ብቅ ስል «ይህ ሰውዬ ምን ፈልጎ ነው?» ማለትህ አይቀርም። ስልክህ ጠፍቶኝ አይደለም። በስልክ መዋሸት ይቀለኛል፤ ብዕር ያነሳሁት ለዚህ ነው።

ከሹም አቦ ወረድ ብሎ የሚኖሩትን፣ እኛ «ባለ ሁለት ቮልሱ» የምንላቸውን ጋሼን ታስታውሳቸዋለህ? በነሐሴ አረፉ። ልጆቻቸው «ዘጠና አልሞላቸውም» ይላሉ፤ እኔ ግን እጠራጠራለሁ። አርባቸው እንደወጣ ልጆቹ አስጠሩኝ። ሁለቱ ከአዲስ አበባ፣ አንዷ ከውጭ አገር ነው የመጡት፤ የመመለሻ ቀናቸው ደርሷል። «እርስዎ ነገሩን ያውቁታል፤ መጋዘን ውስጥ ያለውን ይዩልንና ዋጋ ይንገሩን፤ ካልሆነም ቁራሌው ይውሰደው» አሉኝ። ቁራሌው! በኪሎ! በልጆቹ ግን አልፈርድም። እሑድ በመጣ ቁጥር አባታቸው መኪና ሥር ተኝተው፣ እነሱ ካቻቢቴ እያቀበሉ ነው ያደጉት።

መጋዘኑን ታውቀዋለህ፤ ከውጭ ማለቴ ነው። አንድም ቀን ከበሩ አሳልፈውን አያውቁም። ቁልፉ አንገታቸው ላይ ከማተባቸው ጋር ነበር የሚንጠለጠለው። ታላቁ ልጅ ሲከፍተው መጀመሪያ የተቀበለን የአይጥ ሽታ ነው፤ ከዚያ የረጋ ዘይት። አንደኛው ቮልስ ጎማው ወልቆ በአራት ድንጋይ ላይ ተሰቅሏል። የኋላ ወንበሩን ሳነሳው ባትሪው የሚቀመጥበት ወለል የለም፤ ፀሐይ ያላየ ነጭ ሣር ከመሬቱ በቅሎ ይታያል። የጣና እርጥበት ከታች፣ የባትሪው አሲድ ከላይ ሆነው ጨርሰውታል። ሁለተኛው ሲያዩት ደህና ነው፤ ፓራፋንጎውን በአውራ ጣቴ ብጫነው ግን እንደ ድርቆሽ ተሰበረ።

መደርደሪያው ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። የፍሬቻ መስታወት ብቻ 23 ቆጠርኩ፤ ለሁለት መኪና! ሦስት ኮፈን፣ አራት ካምቢዮ፣ አንድ ሣጥን ሙሉ ካንዴላ። የፍሬን ጎማዎቹ ከነማሸጊያቸው ደርቀው ገና ሲነኳቸው ይፈረካከሳሉ። የሞተር ጓርኒሲዮኖቹን አይጥ ቦጫጭቃ ጎጆ ሠርታባቸዋለች። ሰውየው በሕይወት ሳሉ ከዚያ መደርደሪያ አንዲት ብሎን ለሰው ሲሰጡ ያየ የለም።

ከመደርደሪያው ሥር፣ ጥጉ ላይ፣ አናቱ የተቆረጠ የምግብ ዘይት ቆርቆሮ ነበር። ሳነሳው ከበደኝ። ውስጡ በአዲስ ዘመን ጋዜጣ ተጠቅልሎ በሲባጎ የታሰረ ነገር ተቀምጧል። ጋዜጣው የ1977 ነው። ሲባጎውን ፈትቼ ወረቀቱን ስገልጠው ግሪሱ እንደ ሰም ጠንክሮ ጣቴ ላይ ተላጠ፤ ከሥሩ ባለ 6 ቮልት ሞተሪኖ፣ ያ ሞተሩን የሚያስነሳው ዕቃ፣ ወጣ። ቦሽ። አንድም ቀን መኪና ላይ ያልገባ። በጋዜጣው ጠርዝ ላይ በእርሳስ፣ በዚያ በሚያምር የቁም ጽሕፈታቸው «ለክፉ ቀን» ብለው ጽፈዋል።

ጎማ ላይ ተቀመጥኩ።

ለምን እንደተቀመጥኩ አንተ አታውቅም፤ ከተለያየን በኋላ የሆነ ነው። የእኔ ቮልስ በፈረንጅ 1964 የተሠራ፣ ወደ 12 ቮልት ከመዞራቸው በፊት ያለው መሆኑን ታውቃለህ። በ2015 ሞተሪኖው ተቃጠለብኝ። ሦስት ዓመት ፈለግኩ። ሶማሌ ተራ ሰው ላክሁ፣ ጎንደር አስጠየቅሁ፤ እኚህ ጋሼ ዘንድም ሄጄ ለመንኩ። «ልጄ፣ እሱ እንኳ የለኝም» አሉኝ። እናም ሦስት ዓመት ሙሉ በሰፈር ጎረምሳ እየተገፋሁ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ሌላ አገር ቢሆን ቁልቁለት ላይ አቁመህ ትለቀዋለህ። ባሕር ዳር ደግሞ ሜዳ ናት፤ ቁልቁለት የፈለገ ሰው ቤዛዊት ድረስ መውጣት አለበት፤ ቤዛዊት ለመውጣት ደግሞ አስቀድሞ ሞተሩ መነሳት አለበት።

ከሚገፉት መካከል ማን ነበር መሰለህ? እሳቸው! ዱላቸውን ብብታቸው ውስጥ ሸጉጠው ከጎረምሶቹ መሐል ይገባሉ። «አይዞህ! ሁለተኛ ማርሽ አስገባ! አሁን ልቀቀው!» እያሉ ከኋላ ይገፉኛል። ሞተሩ ሲነሳ እንደ ልጅ ያጨበጭባሉ። ከዚያ ላባቸውን ጠርገው ወደ ቤታቸው፣ ወደ ሞተሪኖው ይመለሳሉ።

ተናድደህ ነበር ወይ ብትለኝ፣ አዎን፣ ለአንድ ደቂቃ ያህል። ከዚያ ንዴቱ ዞሮ እኔው ላይ ሊያርፍ መሆኑ ሲገባኝ አቀዘቀዝኩት።

በ2009 መጨረሻ ደውለህ ያንን ቤንዚን ከአየር የሚያደባልቅ ካርቡራቶር ስትጠይቀኝ «ሸጬዋለሁ» አልኩህ። አልሸጥኩትም። ሶሌክስ 30፣ ከነካርቶኑ፣ ቁም ሳጥኔ ውስጥ ከሠርግ ካባዬ ሥር ነበር። በ1984 ሶማሌ ተራ ስናገኘው ቀድመህ ያየኸው አንተ ነህ፤ ቀድሜ ብር ያወጣሁት እኔ። ያን ዕለት ምንም አላልከኝም፤ እንዲያውም ቡና ጋበዝከኝ። ደግሞ ለእኔ መኪና አይሆንም! የእኔ ባለ 1200 ሞተር የሚፈልገው ሶሌክስ 28ን ነው፤ 30ው ለአንተ ባለ 1300 የተሠራ ነው። ስገዛውም ይህን አውቅ ነበር፣ ስዋሽህም አውቅ ነበር። ኋላ መኪናህ ግቢ ውስጥ ቆማ እንደቀረች ከሌላ ሰው ሰማሁ። ከዚያ ወዲያ ስልክህን ለማንሳት እጄ እምቢ አለኝ።

ለሰው የምንሰጠው ምክንያት ሞልቷል። «መለዋወጫ ከየት ይመጣል?» እንላለን። በእርግጥ ይህ ቮልስ በጀርመን መሠራቱ በ1970 ቆሟል፤ ሜክሲኮም የመጨረሻውን በሐምሌ 1995 አውጥታ ዘግታለች። ግን ከ21 ሚሊዮን በላይ የተሠራ መኪና ነው፤ ዕቃው ዛሬም በየአገሩ ይመረታል። በ2012 የኤክሳይዝ ታክስ አዋጁ በአሮጌ መኪና ላይ ሲከብድ፣ በ2016 ደግሞ ኤሌክትሪክ ያልሆነ የቤት መኪና እንዳይገባ ሲከለከል እኛ ሽማግሌዎች «አላልናችሁም?» ብለን ደረታችንን ነፋን። ደላሎች በር ማንኳኳት ጀመሩ። የሚጠሩት ዋጋ በእኛ ዘመን ቤት ያሠራ ነበር። አልሸጥንም። ከዚያ «ለልጄ ነው የማስቀምጠው» እንላለን፤ የእኔ ልጅ ፍሪሲዮን ረግጦ አያውቅም፤ መኪናውን «ያ ጫጫታ» ነው የሚለው።

ፍርሃታችን ሁሉ ግን ከንቱ አይደለም። አንድ ጡረተኛ ወዳጄ «እንደ ልጄ እይዘዋለሁ» ላለው ደላላ ቮልሱን ሸጠለት። ወር ሳይሞላ ሞተሩ ለብቻ፣ ካምቢዮው ለብቻ ተሸጦ አካሉ ለብረት ተመዘነ። ሰውየው የመኪናውን በር፣ ልጁ በምስማር ስሟን የጫረችበትን፣ የሰው ግቢ ውስጥ የዶሮ ቤት መዝጊያ ሆኖ አየው። ይህን የሰማ ሰው ቁልፉን ከማተቡ ጋር ቢያስር አይደንቀኝም።

የእኔ ግን ይህም አይደለም፤ አንተ ደላላ አይደለህም። እውነቱን ልንገርህ፦ ካርቶኑን ለሰው የሰጠሁ ቀን መንጃ ፈቃዴን አብሬ የመለስኩ ይመስለኛል። ቁም ሳጥኑ ውስጥ እስካለ ድረስ ገና የሚሠራ መኪና አለ፣ ገና እኔና አንተ ጎርጎራ ድረስ የምንነዳበት አንድ ቅዳሜ አለ። እንዲህ ያለውን ነገር በስልክ እንዴት ይናገሩታል?

የጋሼን ልጆች ዕቃውን ለቁራሌው እንዳይሰጡ ለምኜ አስቀረሁ። ቮልስ በመጠገን እጁ የታወቀ አንድ ወጣት እዚህ አለ፤ ሁለተኛውን መኪናና መደርደሪያውን በጠቅላላ ደላላው ከሚሰጠው ባነሰ ዋጋ ወሰደው፤ በታትኖ ላይሸጠው በሽማግሌ ፊት ቃል ገብቷል። ሞተሪኖውን ለእኔ ሰጡኝ። ግሪሱን በናፍጣ አጥቤ ገጠምኩት፤ ቁልፉን ገና ሳዞረው ተነሳ። ጎረምሶቹ ሥራ ፈቱ። በማግሥቱ ብቻዬን በአዲሱ የዓባይ ድልድይ ላይ ነዳሁት። አንተ አላየኸውም፤ በግንቦት 2016 ነው የተመረቀው፣ 380 ሜትር ነው። በአሮጌው ላይ ቆመን ጉማሬ ስንቆጥር የነበረውን አስታወስኩ፤ ከኋላ የሚከተለኝ ባጃጅ ክላክስ እየነፋ አላስቆም አለኝ እንጂ ልቆም ነበር።

ንጹሕ ሆኜ እንዳልወጣሁም ልንገርህ። ከዚያ መጋዘን ስመለስ ሁለት ጆንያ ዕቃ ተሸክሜ ነው የገባሁት። ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ ጆንያውን አየችና «የሟቹ ወራሽ አንተ ነህ እንዴ?» አለችኝ። አንደኛው ጆንያ ውስጥ ከ23ቱ የፍሬቻ መስታወት 11ዱ አሉ። ለምን እንዳመጣኋቸው አትጠይቀኝ።

ካርቡራቶሩ አሁን ከቁም ሳጥኑ ወጥቶ ምግብ ጠረጴዛው ላይ፣ ከስኳር ዕቃው ጎን ተቀምጧል። ባለቤቴ ዳንቴል አልብሳዋለች። በአውቶቡስ ልልክልህ ሁለት ጊዜ ወደ መናኸሪያ ይዤው ሄጃለሁ፤ ሁለት ጊዜም ይዤው ተመልሻለሁ። አንዴ «መንገዱ አስተማማኝ አይደለም» አልኩ፤ በሁለተኛው ጊዜ ምክንያት እንኳ አልፈለግኩም። ስለዚህ አንተው ራስህ ና። ቤንዚን ነክቶት አያውቅም፣ ሽታ የለውም፤ በአውሮፕላን ብትመለስ እንኳ የሚከለክልህ ያለ አይመስለኝም። ዓሣው ከእኔ፣ የዘጌ ቡና ከባለቤቴ።

አደራህን፣ መምጫህን ደውለህ አትንገረኝ። ድንገት ግባ። ቀድሜ ካወቅሁ ልደብቀው እችላለሁ።

ወንድምህ