ማኪያቶ ይወደዳል እንጂ አይፈቀርም

ይድረስ ለተከበሩ አዘጋጅ፦

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ በማስታወቂያዎች «ይህን ሻምፖ አፈቅረዋለሁ»፣ «ማኪያቶ አፈቅራለሁ» የሚል አነጋገር መዘውተሩ ጆሮዬን ይጎረብጠዋል። «ወደደ» እኮ ለዚህ ሁሉ የሚበቃ ሰፊ ግስ ነው፤ እናት ልጇን፣ ልጅም ሽሮውን ይወዳል፣ ሳይገደድ የዘመተው «ወዶ ዘማች» ይባላል፣ ከገበያ የተመለሰ ሰው ደግሞ «ሽንኩርት ተወደደ» ብሎ ያማርራል። ደብዳቤ ስንጽፍ «ውድ ወንድሜ» የምንልበት ቃል ከሽንኩርቱ ዋጋ ጋር አንድ ሥር ያለው መሆኑ፣ ነጋዴው ባያስበውም፣ እኔን ያስደስተኛል።

«አፈቀረ» የግእዝ ቅርስ ነው፤ በግእዙ ወንጌል ባልንጀራን መውደድ እንኳ በዚሁ ግስ ይነገራል። በዛሬው አማርኛ ግን ግሱ ጠብቦ በአብዛኛው ለወንድና ለሴት መፈላለግ ሲውል፣ «ፍቅር» የሚለው ስም እንደ ሰፋ ቀርቷል፤ ለአገርም ለፈጣሪም ይሆናል፣ የተጣሉትን ያስታረቁ ሽማግሌዎች «በፍቅር ኑሩ» ብለው ይመርቁበታል፣ «ፍቅረ ንዋይ» ሲባል ደግሞ ነቀፋ ነው።

እናንተም በቅርብ እትሞቻችሁ ይህን አነጋገር በርዕስ ላይ ሳይቀር ስለተጠቀማችሁበት፣ የእርማት ባልደረቦቻችሁ ልዩነቱን እንዲጠብቁልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የዘወትር አንባቢያችሁ