የደረት ሕመም ሁሉ ጨጓራ አይደለም

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

እዚህ ጅማ ሰው ደረቱን ሲያመው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ጨጓራውን ነው። ካልሆነም ብርድ መታኝ ይላል። ግን የጅሬንን ዳገት ሲወጣ ደረቱን ጭምቅ የሚያደርገው፣ አረፍ ሲል የሚለቀው ሰው ልቡን መመርመር አለበት። ሐኪሞች አንጃይና የሚሉት ሕመም ጠባዩ ይኸው ነው። ለልብ ጡንቻ ደም የሚያደርሱት ሥሮች ሲጠቡ፣ ልብ ሥራ በበዛበት ሰዓት ደም ያጥረዋል። ንዴት፣ ብርድና ከባድ ምግብም ይቀሰቅሱታል።

በጣም የሚያሳስበኝ የእናቶቻችን ነገር ነው። በሴቶችና በስኳር ሕመምተኞች ላይ ድካም ወይም የትንፋሽ ማጠር ብቻ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። እነሱ ደግሞ "ደክሞኝ ነው" ብለው ያልፉታል።

ምላስ ሥር የሚደረግ ናይትሮግሊሰሪን የተባለ የአንጃይና ማስታገሻ የታዘዘለት ሰው ቁጭ ብሎ ይውሰደው። የደም ግፊት ስለሚቀንስ ቆሞ ከወሰደው ሊወድቅ ይችላል። ቪያግራ የወሰደ ሰው ግን መድኃኒቱን እንዳይነካ፤ አብረው ግፊቱን ክፉኛ ያወርዱታል። ይህን በሐፍረት ከሐኪም መደበቅ ሕይወት ያስከፍላል። ፋርማሲስቶችም ሳይጠየቁ ቢናገሩት እላለሁ።

ሰው አርፎ ተቀምጦ ሳለ የመጣ፣ ወይም መድኃኒቱ ተወስዶ በ5 ደቂቃ ውስጥ ያልተሻለ ሕመም የድንገተኛ ክፍል ጉዳይ ነው። ዳማከሴ እየጠጡ ንጋትን መጠበቅ አይገባም። እባካችሁ ጎረቤት ቀስቅሱና ሂዱ።

አዘጋጁም አንድ የልብ ሐኪም ጋብዛችሁ ስለ ግፊት፣ ስኳርና ሲጋራ በሰፊው ብታስነብቡን ደስ ይለኛል።

አንባቢያችሁ፣ ከጅማ