የንግድ ክበብ ዘገባ፦ የሸጥነው ሌላ፣ ያተረፍነው ሌላ

ዘንድሮ የትምህርት ቤታችን የንግድ ክበብ በሦስት ቡድን ነው የሠራው፦ ዳቦ ቆሎ፣ የደንገል (ታንኳ የሚሠራበት የሐይቅ ዳር ተክል) ሥራና የጽሕፈት መሣሪያ። ስለ መጨረሻው ብዙ የሚባል የለም። እስክሪብቶና ደብተር ከቅዳሜ ገበያ በጅምላ ገዙ፣ በችርቻሮ ሸጡ፣ ጥቂት አተረፉ። አለቀ።

የዳቦ ቆሎው ግን ዓመቱን ሙሉ አከራክሮናል። ልጆቹ የመጀመሪያውን ዙር ሸጠው ሲመጡ ፊታቸው በርቶ ነበር። ለዱቄት፣ ለዘይትና ለበርበሬ 600 ብር አውጥተው፣ 40 ከረጢት በ20 በ20 ብር ሸጠው 800 ብር ይዘዋል። «200 ብር አተረፍን!» አሉ። ከሰሉስ? ከቤት ነው የመጣው። ላስቲኩስ? የአንዷ እናት ሰጡን። ባጃጁስ? እሱማ ከኪሳችን ነው። የጀማሪ ነጋዴ በሽታ ይኼ ነው፤ ከቤት የመጣ ሁሉ ነፃ ይመስለዋል።

ቁጭ ብለን አሰላነው። ከሰል 100፣ ላስቲክ በ2 ብር ሂሳብ 80፣ ባጃጅ 40። ጠቅላላ ወጪው 820 ብር ሆነ። ከስረዋል! አንዱ ልጅ ካልኩሌተሩን ተቀብሎ ደግሞ መታው። ያው ነው።

ዋጋ እንጨምር የሚሉ ነበሩ። ኪሱ ውስጥ 20 ብር ብቻ ያለውን ተማሪ 25 ብትለው ግን ጥሎህ ይሄዳል። መፍትሔው ከወጪው በኩል ተገኘ። በአንዴ እጥፍ ቆሉ። ዱቄቱ፣ ዘይቱና በርበሬው 1,200 ብር ገባ። ከሰሉ ግን 150 ብቻ ፈጀ፤ አንዴ የተያያዘ እሳት ነው። ባጃጁ ያው 40። ላስቲኩም በጅምላ ሲገዛ አንዱ 1 ብር ወረደ። 80 ከረጢት በ1,600 ብር ተሸጠ፣ ወጪው 1,470፣ ትርፉ 130። ድካማቸው ገና አልተቆጠረም። ከሰዓቱን ሙሉ እሳት ዳር ለዋሉት አምስት ልጆች ሲካፈል 26 ብር ነው የሚደርሳቸው። ይህን ስነግራቸው ደስ አላላቸውም። ግን ይወቁት።

ቀጥሎ ዱቤ መጣ። በየሱቁ እንደምናየው «ዱቤ ነገ» የሚል ወረቀት ለጥፈው ነበር። ወረቀቱ የሠራው ለማያውቁት ሰው ነው፤ ጓደኛን ማን እምቢ ይላል? የዱቤ ደብተሩ ሲታይ ከተበዳሪዎቹ መካከል መምህራንም ተገኙበት። ስም አልጠራም፣ ይህን መጽሔት ያነባሉ። ልጆቹ ራሳቸው ሕግ አወጡ፦ ዱቤ የሰጠ በዕለቱ ከኪሱ ይተካል። ዱቤው ቀጥ አለ።

በቴሌብር የሚከፈለው ደግሞ ወደ አንዲት ተማሪ እናት ስልክ ይገባ ስለነበር የክበቡ ብር ከቤቱ አስቤዛ ጋር ተቀላቀለ። ሱቅ ያላችሁ ወላጆች ነገሩን ታውቁታላችሁ። ከመሳቢያው ለሽሮ፣ ለሳሙና፣ ለእቁብ እየተነሳ የሚሄድ ብር ሳይታወቅ ሱቅ ያዘጋል። ትንሽም ብትሆን ለራስ ደመወዝ ቆርጦ እሷን ብቻ መውሰድ ነው የሚሻለው።

የደንገል ቡድኑ ትንንሽ ታንኳ ሠራ። ደንገል በደንብ ሳይደርቅ ከታሰረ በኋላ ይኮማተርና እስሩ ይላላል፤ የመጀመሪያዎቹ በዚሁ ተበላሹ። ቆንጆ ቆንጆዎቹም ቢሆኑ ገዢያቸው ይሆናል የተባለው ቱሪስት ብዙም ስላልመጣ ተቀምጠው ቆዩ። ኋላ አንድ ቡና ቤት ለጌጥ ወሰዳቸው። እኔ ብሆን መጀመሪያ ቡና ቤቶቹን ጠይቄ ነበር ደንገል የምቆርጠው።

በሁዳዴ ወደ ጣና ዳር ወርደን አሳ ነጋዴዎችን አነጋገርን። በጾሙ ፈላጊ ይበዛል፣ ዋጋውም ይወጣል። ግን በረዶ የሌለው ነጋዴ ከቀትር በኋላ ያገኘውን ዋጋ ይቀበላል፤ ቆሮሶ የሚባለው አሳ ፀሐይ ላይ አይቆይም። አንዷ ሴትዮ ጠዋት አሳ ከመረከባቸው በፊት ለምግብ ቤቶች ይደውላሉ፣ የታዘዙትን ያህል ብቻ ያነሳሉ። ልጆቹ እሳቸውን በጥያቄ ሲያጣድፉ ዋሉ።

ከ12ኛ ክፍል ዳቦ ቆሎውን በግላቸው ሊቀጥሉ ያሰቡ አሉ። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ የንግድ ምዝገባና የንግድ ፈቃድ እንደሚያስፈልጋቸው፣ ፈቃዱም በየዓመቱ እንደሚታደስ ተነግሯቸዋል። የ9ኛ ክፍሎቹ ለከርሞ የማንጎ ጭማቂ አስበዋል። በረዶ ከየት እንደሚያመጡ ግን እስካሁን አልነገሩኝም።